31ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ትንፋሼ ደህና ነው፣ እግሬ ግን ከዳኝ። ምን ይሆን ያለቀው?

ዘግይቶ ጀማሪ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። 43 ዓመቴ ነው፣ 70 ኪሎ እመዝናለሁ፣ መሮጥ ከጀመርኩ ገና ሁለት ዓመት አልሞላኝም። ሁሌ ስነሳ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ደቂቃዎች ቁና ቁና እተነፍሳለሁ፤ ከዚያ በራሱ ጊዜ ይረጋጋና ወሬ እያወራሁ እሮጣለሁ። ባለፈው እሑድ ግን 31ኛው ኪሎ ሜትር ላይ፣ ትንፋሼ ምንም ሳይሆን፣ ጉልበቴን ብርክ ያዘው። ቁርጠት የለ፣ ሕመም የለ። የቀረኝን ርቀት ለማወቅ ከ42 ላይ 31 መቀነስ አቃተኝ ብል ታምኑኛላችሁ? አብሮኝ በሚሮጠው ጓደኛዬ ላይም ያለ ምክንያት ጮህኩበት። እሱ ደግሞ «ኦክስጅን አልቆብህ ነው፣ አየር በደንብ ሳብ» ይለኛል። ሳብኩ፣ ሳብኩ፣ ጠብ የሚል ነገር የለም። ኦክስጅን ካልሆነ ምንድን ነው ያለቀብኝ?

ስም የለሽ 7፦
ላክቲክ አሲድ ነው። እግርህን ታሸው፣ ይወጣልሃል።

የድሮ ሯጭ፦
ከላይ ያለውን እርሳው። ላክቲክ አሲድ የሚሉት ላክቴት፣ ጡንቻ ስኳር ሲያቃጥል የሚያወጣው ነገር፣ ቆሻሻ አይደለም፤ ልብህና ሌሎች ጡንቻዎችህ እንደ ነዳጅ ያቃጥሉታል፣ ሩጫ ባቆምክ በአንድ ሰዓት ገደማም ከደምህ ይጠራል። እኔም በወጣትነቴ በዚህ ተረት ስንት ጊዜ ታሽቻለሁ።

ጓደኛህ የመነሻውን ችግር ወስዶ ለመጨረሻው ሰጠው። ስትነሳ ጡንቻህ ጉልበቱን የሚፈልገው አሁኑኑ ነው፤ ልብና ደም ሥር ኦክስጅኑን በሚፈለገው ልክ ለማድረስ ግን ደቂቃዎች ይወስድባቸዋል። እስከዚያ ጡንቻው ኦክስጅን ሳይጠብቅ ከሚያገኘው ጉልበት እየተበደረ ይቆያል። ቁና ቁና የምትለው ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ፣ እያወራህ በምትሮጥበት ፍጥነት እስከሄድክ ድረስ፣ ደምህ ከሳንባህ ሲወጣ ኦክስጅን ሊሞላ ምንም ያህል አይቀረውም። የመከረህ በሞላ እንስራ ላይ ውሃ እንድትጨምር ነው።

31ኛው ላይ ያለቀው ግላይኮጅን ነው፤ በጡንቻና በጉበት የሚጠራቀመው ስኳር። በደንብ የበላ ሰው ጡንቻው ውስጥ 400 ግራም ገደማ፣ ጉበቱ ውስጥ 100 ግራም ገደማ ይኖረዋል፤ በግራም 4 ኪሎ ካሎሪ ስታሰላው 2,000 አካባቢ ነው። ሩጫ ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት በኪሎ ሜትር 1 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይበላል፤ 70ን በ31 ስታባዛ 2,170። ስብም አብሮ ስለሚነድድ ሂሳቡ እንዲህ ቀጥ ያለ አይደለም። በሌላ በኩል ግን የክንድህ ጡንቻ ግላይኮጅኑን ለእግርህ አያበድርም፤ ስኳሩን ወደ ደም የሚለቅበት ኤንዛይም የለውም። ያንን የሚችለው ጉበት ነው። ጉበት ሲራቆት የደም ስኳር ይወርዳል፣ አንጎልም ይራባል። ቅነሳው ያቃተህም፣ ጓደኛህ ላይ የጮህከውም ለዚህ ይመስለኛል።

ዘግይቶ ጀማሪ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ግን እኮ ቦርጭ አለኝ! እሱ ለምን አይነድድም?

የድሮ ሯጭ፦
ይነድዳል፣ ቀስ ብሎ ነው እንጂ። 5 ኪሎ ስብ 45,000 ኪሎ ካሎሪ ነው፤ በሂሳብ ብቻ ከሆነ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ያስኬድሃል። ነገር ግን ስቡ ከቦርጭ ተፈትቶ፣ በደም ተጉዞ፣ ጡንቻ ውስጥ እስኪገባ ጊዜ ይፈጃል። በዚያ ላይ በ1 ሊትር ኦክስጅን ከስኳር 5 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ስታገኝ፣ ከስብ የምታገኘው 4.7 ገደማ ነው። ስለዚህ ስኳሩ ሲያልቅ መሄዱን አትከለከልም፣ ፍጥነቱን ነው የምትነጠቀው።

እስኪ ንገረኝ፣ የመጀመሪያውን 10 ኪሎ ሜትር እንዴት ሮጥከው? ምንስ ወሰድክ?

ዘግይቶ ጀማሪ፦
ጠዋት በባዶ ሆዴ ነው የተነሳሁት፤ ውሃ ብቻ። ያን ቀን ሰውነቴ ቀልሎኝ ነበርና የመጀመሪያውን 10 ከወትሮው በኪሎ ሜትር 40 ሰከንድ ፈጥኜ ነው የሄድኩት። ወሬም አቁመን ነበር።

የድሮ ሯጭ፦
አገኘነው። ፍጥነት በጨመርክ ቁጥር ሰውነት ከስብ ይልቅ ወደ ስኳሩ ያደላል። ጉበትህ ደግሞ ሌሊቱን አንጎልህን ሲቀልብ ስላደረ ጎደሎ ይዘህ ነው የተነሳኸው። ቀስ ብለህ ጀምር፤ ከመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት አንስቶ በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት፣ ሯጮች በሚውጡት ስኳራማ ጄልም ሆነ ስኳር ባለው መጠጥ፣ በጥቂት በጥቂቱ ውሰድ። ሆድህን ግን በልምምድ ቀን አስለምደው። እኔ በውድድር ቀን ሞክሬ ያየሁትን አልነግርህም።

ዘግይቶ ጀማሪ፦
ለጓደኛዬ አነበብኩለት። «ስብ ኦክስጅን አብዝቶ ይበላል ካሉህማ እኔ ልክ ነበርኩ» አለኝ።