ስለ ካርቦንና የአየር ንብረት ለውጥ በክፍል ውስጥ የሚሠሩ ሙከራዎች

ጥያቄ (የ8ኛ ክፍል ሳይንስ መምህር)

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ። ተማሪዎቼ ስለ አየር ንብረት ለውጥ የተጻፈውን በቃላቸው ይይዙታል እንጂ የማይታይ ጋዝ ምድርን እንዴት እንደሚያሞቅ በተጨባጭ ሲረዱት አላይም። በአንድ ጠርሙስ አየር፣ በሌላው ደግሞ ከአቼቶና ከቤኪንግ ሶዳ የተገኘ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሞልቶ፣ ሁለቱን መብራት ሥር አስቀምጦ ሙቀታቸውን ማወዳደር በብዙ መመሪያዎች ይመከራል፤ ውጤቱ ግን አንዳንዴ የተገላቢጦሽ ይሆናል። ሙከራው አስተማማኝ ነውን? ካልሆነስ በምን ይተካ?

መልስ 1 (የኬሚስትሪ መምህር)

እኔ ብሆን እተወዋለሁ። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ስለሚከብድ በጠርሙሱ ውስጥ የሚኖረውን የጋዝ ዝውውር ያዳክማል፤ ሙቀቱ ከፍ የሚለውም በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። ኢንፍራሬድ ጨረርን (ዓይን የማያየውን የሙቀት ጨረር) የማይውጠው አርገን የተባለ ጋዝ ቢሞላበት እንኳ ተመሳሳይ ውጤት ይገኛል። በዚያ ላይ አቼቶና ሶዳ ሲዋሃዱ ሙቀት ስለሚስቡ፣ ጋዙ እዚያው ጠርሙስ ውስጥ ከተመረተ ንባቡ ዝቅ ይላል። የእርስዎ ውጤት መገልበጡ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

በምትኩ የካርቦንን ዑደት ያሳዩዋቸው። ጥቂት የብሮሞታይሞል ብሉ (አሲድ ሲያገኝ ቀለሙን የሚለውጥ ጠቋሚ) ጠብታ ያለበትን ሰማያዊ ውሃ ተማሪው በስትሮ ሲተነፍስበት በትንፋሹ ባለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ምክንያት ቀለሙ ወደ አረንጓዴ፣ ቀጥሎም ወደ ቢጫ ይለወጣል። ቢጫውን ውሃ በሁለት ብልቃጥ ከፍለው በሁለቱም የውሃ ውስጥ ተክል ይጨምሩና አንዱን ብርሃን ላይ፣ ሌላውን በጨለማ ያሳድሩ። ብርሃን ያገኘው ወደ ሰማያዊነት ሲመለስ በጨለማ ያደረው ቢጫ እንደሆነ ይቆያል። ልጆቹ ሳይነገራቸው «ተክሉ ወሰደው» የሚሉት ያኔ ነው።

መልስ 2 (የሒሳብ መምህር)

እኔ የምጨምረው ሚዛን ብቻ የሚጠይቅ ነው። አንድ ሊትር ቤንዚን ሦስት ሩብ ኪሎ ግራም ያህል ቢመዝንም ሲቃጠል 2.3 ኪሎ ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። ተማሪዎቹን አስቀድመው ያስገምቷቸው፤ አብዛኛዎቹ ከቤንዚኑ ያነሰ ቁጥር ይጠራሉ። ከዚያ እያንዳንዱ ቡድን ከሸክላ ጭቃ ካርቦንን የሚወክል አንድ የ12 ግራምና ኦክስጅንን የሚወክሉ ሁለት የ16 ግራም ድቡልቡሎች ይሥራ። 12 ግራም ካርቦን ሁለት ኦክስጅን ሲጨመርበት 44 መሆኑን ሚዛኑ ላይ ሲያዩ፣ ትርፉ ክብደት ከአየር እንደመጣ ራሳቸው ይደርሱበታል።

መልስ 3 (የቤተ ሙከራ ባለሙያ)

የመጀመሪያው መልስ መልካም ነው፤ ሆኖም ጠቋሚው የሚለየው አሲድነትን እንጂ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ስላልሆነ ጥቂት አቼቶም ቢጫ ያደርገዋል። ስለዚህ የኖራ ውሃ ሙከራ አብሮት ቢሠራ እመርጣለሁ። የተጣራ የኖራ ውሃ ሲተነፈስበት ካልሲየም ካርቦኔት ስለሚፈጠር ወተት ይመስላል፤ መተንፈሱ ሲቀጥል ግን ካርቦኔቱ ወደ ባይካርቦኔት ተለውጦ ስለሚሟሟ ውሃው እንደገና ይጠራል። ብዙ መምህራን ይህን ሁለተኛ ደረጃ ሳይጠብቁ ያቆማሉ። ይሁንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የበዛበት ባሕር የዛጎልን ካርቦኔት እንዴት እንደሚጎዳ ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ አላውቅም። የኖራ ውሃ ዓይንና አፍ ስለሚያቃጥል መነጽር ይደረግ፤ በስትሮው ላይኛው ጫፍ አጠገብም በመርፌ ቀዳዳ ይበጅለት፣ ልጁ ተሳስቶ ቢስብ ፈሳሹ አፉ ድረስ በቀላሉ አይደርስም።