አስቸኳይ፦ የሣር ዳታዬ በአንድ ሎከስ አራት አሊል እያሳየኝ ነው

የሜዳዋ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ እባካችሁ ቶሎ ድረሱልኝ። ነገ ጠዋት ውጤቱን ለአማካሪዬ ማሳየት አለብኝ። ከአራት ቦታ የዱር ሣር ሰብስቤ በ8 ማይክሮሳተላይት (አጭር የዲኤንኤ ፊደል የሚደጋገምበት ቦታ፤ እያንዳንዱ ቦታ አንድ ሎከስ ነው) አይቻለሁ። የሁለቱ ቦታ ምንም ችግር የለበትም። የቀሩት ሁለቱ ግን በአንድ ሎከስ ሦስት፣ አንዳንዴ አራት አሊል (የዚያው ቦታ የተለያየ ዓይነት) ያሳያሉ። ፕሮግራሙ ከሁለት በላይ አልቀበልም እያለኝ ነው። ጎልተው የሚታዩትን ሁለቱን ይዤ የቀረውን ብሰርዝስ?

ቅጠል በቅጠል፦
ናሙናው ተቀላቅሎ ነው። ዲኤንኤውን እንደገና አውጪው።

ባለማይክሮስኮፕ፦
የትኛው ሣር ነው? ዋናውን ነገር እኮ አልነገርሽንም።

የሜዳዋ ልጅ፦
ውይ፣ ይቅርታ! ዳክቲሊስ ግሎሜራታ ነው።

ባለማይክሮስኮፕ፦
በይ ምንም እንዳትሰርዢ! ይህ ሣር 14 ክሮሞሶም ያለውም፣ 28 ያለውም አለ። ባለ 28ቱ እያንዳንዱን ክሮሞሶም በአራት ቅጂ ይይዛል። በአንድ ሎከስ አራት አሊል ማሳየቱ ጤናማ ነው።

ቅጠል በቅጠል፦
እኔ አሁንም ብክለት ነው ባይ ነኝ። እንደገና ይውጣ።

ባለማይክሮስኮፕ፦
ወንድሜ፣ ብክለት ቢሆን እዚህም እዚያም ይበተን ነበር። ሁለት ቦታ ሙሉ በሙሉ ይዞ ሁለቱን ምንም ሳይነካ እንዴት ያልፋል?

የሜዳዋ ልጅ፦
ተመስገን! እንግዲያው ክሮሞሶም ሲበዛ ልዩነትም ይበዛል ብዬ ልጻፍ?

የድሮ መምህር፦
ቆይ ልጄ፣ እሱን አትጻፊ። ስፓርቲና አንግሊካ የሚባለውን የጠረፍ ሣር ተመልከቺ። በእንግሊዝ ደቡብ ጠረፍ የአገሬው ስፓርቲናና ከአሜሪካ የመጣው ተዳቀሉ። ዲቃላው መካን ነበር። በኋላ ክሮሞሶሙ በእጥፍ ሲባዛ ዘር መስጠት ቻለ። ዛሬ 120 ገደማ ክሮሞሶም አለው፤ በተክሎቹ መካከል ያለው ልዩነት ግን በጣም ትንሽ ነው። መነሻው ጠባብ ስለነበር ነዋ።
ብራኪፖዲየም ዲስታኪዮንም ሌላ ትምህርት አለው። 10፣ 20 እና 30 ክሮሞሶም ያላቸው ሣሮች ለብዙ ዓመት እንደ አንድ ዝርያ ይቆጠሩ ነበር። በ2012 ሦስት ዝርያ ተባሉ፤ ባለ 30ው ከሌሎቹ ሁለቱ ተዳቅሎ የተገኘ ነው። መጀመሪያ ቁጥሩ ከየት መጣ ብለሽ ጠይቂ። እጥፉ ከራሱ ዝርያ ነው ወይስ ከሁለት ወላጅ ዝርያ?

ቅጠል በቅጠል፦
መምህር ክፍለ ጊዜው አልቋል፣ ልጅቷ ነገ ጠዋት ነው ያለችው! 😄

ቁጥር አፍቃሪ፦
የዳክቲሊስ እጥፍ ባብዛኛው ከራሱ ነው። አራቱ ቅጂዎች እንደልብ ይጣመራሉ። ባለ 14ቱ ኤቢ ሆኖ (ኤ እና ቢ የሚባሉ ሁለት አሊል ይዞ) ከራሱ ጋር ቢዳቀል ግማሹ ልጅ ሁለቱንም አሊል ይይዛል። ባለ 28ቱ ኤኤቢቢ ሆኖ (ከእያንዳንዱ ሁለት ቅጂ ይዞ) ከራሱ ጋር ቢዳቀል ግን ከ36ቱ 34ቱ ሁለቱንም ይይዛሉ። ልዩነቱ ቶሎ አይጠፋም ማለት ነው።
ስለዚህ አንድ ተክል ውስጥ ያለውን ልዩነት የሁለቱን ቡድን ጎን ለጎን አስቀምጠሽ አትፍረጂ። የአሊል ቁጥርም ያታልላል፤ 10 ተክል ከአንዱ ወገን 20 ቅጂ፣ ከሌላው 40 ነው። ቅጂውን እኩል አድርገሽ አወዳድሪ።
ለዛሬ ማታ፦ ሁለቱን ቡድን በተለያየ ፋይል አስቀምጪ። ጄኖዳይቭ የሚባለው ፕሮግራም ወይም አር በሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ላይ የሚሠራው ፖሊሳት ከሁለት በላይ አሊል ይቀበላል። ሦስት አሊል ያየሽበት ቦታ የትኛው ሁለቴ እንዳለ ስለማይታወቅ ገምተሽ አትሙዪ።

ባለማይክሮስኮፕ፦
ቅጠል ተርፎሻል? በቅጠሉ ጀርባ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ቀቢ፤ ሲደርቅ በስኮች አንሺውና ስላይድ ላይ ለጥፊው። የስቶማታውን (ቅጠሉ የሚተነፍስባቸውን ጥቃቅን ቀዳዳዎች) ርዝመት ከሁለቱም ቡድን ለኪ። ባለ 28ቱ አብዛኛውን ጊዜ ረዘም ይላል። ይህ ፍንጭ ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም። ማስረጃው በሥር ጫፍ ላይ ክሮሞሶም መቁጠር ነው፤ ሥሩ ለ24 ሰዓት በበረዶ ውሃ ስለሚቆይ ለነገ አይደርስም። ለአማካሪሽ "ቆጠራው ይቀጥላል" በያቸው።

የሜዳዋ ልጅ፦
ከሁለቱም ቡድን ቅጠል አለኝ! የመጀመሪያው ቀለም እየደረቀ ነው።

ቁጥር አፍቃሪ፦
የሜዳዋ ልጅ፣ ሁለት ቀን ሆነ። ስቶማታው ምን አለ?