ዲኤክስ ልግዛ ወይስ ቪትዝ?

ኦቶክሮስ ልጀምር ነው። በኮን መሀል ተራ በተራ፣ በሰዓት ተይዞ የሚነዳበትን ውድድር ማለቴ ነው። በጀቴ 1 ሚሊዮን 100 ሺህ ብር ነው። መኪናዋ በአዘቦት ቀን ሜክሲኮ አካባቢ ያለው መሥሪያ ቤቴም ማድረስ አለባት።

ሁለት ማኑዋል አግኝቻለሁ። አንዷ ባለካርቡራተር ኮሮላ ዲኤክስ ናት፤ 700 ሺህ። ሌላዋ 1.0 ሊትር ቪትዝ፤ በጀቴን ጥርግ አድርጋ ትወስዳለች።

እሁድ በአንድ ወዳጄ ግቢ ውሃ የሞሉ ሃይላንዶች ደርድረን ሁለቱንም ሞከርኳቸው። ዲኤክሷ የምትገፋው በኋላ ጎማ ስለሆነ ኋላዋ በቀላሉ ይዞራል፤ ደስ ሲል! ግን መሪዋ ጨዋታ አለው፤ ጎማው ሳይዞር ሦስት ጣት ያህል በባዶው ይዞራል። ሦስት ሃይላንድ ጨፈለቅኩ። በሯ ሥር ማግኔት ሳስጠጋም አልያዘም፤ ስቱኮ ነው። ደላላው "ላሜራዋ አልተነካም" ብሎ ምሎልኝ ነበር።

ቪትዟ ትታዘዛለች። ጠባብ ኩርባ ላይ ግን አፍንጫዋ ወደ ውጭ ይሸሻል። ከኩርባው ስትወጣም ትለግማለች፤ መቼስ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ አየሩ ሳስቶ ሞተሩ ጉልበት ያጣል።

የተረፈውን 400 ሺህ ለዲኤክሷ መሪ፣ ፍሬንና ሞላ ባወጣው ያዋጣል፣ ወይስ ቪትዟን ገዝቼ ደሞዝ ሲወጣ ጎማዋን ብቻ ብቀይር ይሻለኛል?