ከየት መጀመር እንዳለብኝ አላውቅም፦ በሒሳብ ማረጋገጫ አጻጻፍ ላይ የእርዳታ ጥያቄ

ጎንደር ውስጥ የአንደኛ ዓመት የሒሳብ ተማሪ ነኝ። «የአንድ ኢንቲጀር ስኩዌር ተጋማሽ ከሆነ ቁጥሩ ራሱም ተጋማሽ ነው» የሚለውን (ኢንቲጀር ማለት ክፍልፋይ የሌለው ቁጥር ነው) እንዳረጋግጥ ተሰጥቶኝ፣ ቁጥሩን 2ኬ (ኬ ማንኛውም ኢንቲጀር ሆኖ) ብዬ በመነሳት ስኩዌሩ ተጋማሽ መሆኑን ባሳይም፣ መምህሬ በቀይ ብዕር «ያረጋገጥከው ግልባጩን ነው» ብለው መለሱልኝ። ስህተቴ ገብቶኛል፤ ፒያሳ ዝናብ ከጣለ አስፋልቱ ይረጥባል፣ አስፋልቱ ስለረጠበ ብቻ ግን ዘንቧል አይባልም (መኪና አጣቢም ሊያረጥበው ይችላል)። ቁጥሩን 2ኬ + 1 ብሎ ጀምሮ ስኩዌሩም ኢተጋማሽ መሆኑን ማሳየት እንደሚበቃ በኋላ ተረድቻለሁ። የሚቸግረኝ ባዶ ወረቀት ፊት ስቀመጥ ነው፤ ከተሰጠው ሐሳብ በቀጥታ መነሳት ወይስ ድምዳሜውን አፍርሶ (ሐሰት ነው ብሎ) መጀመር እንደሚሻል፣ ከመጻፌ በፊት በምን ልለይ? የምታውቁ በዚሁ ምሳሌ ላይ እንድታስረዱኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።