ጥያቄ፦ ደመወዛችን አልተከፈለም፤ መርከቧን ማሳገድ እንችላለን?

ሦስተኛው ኢንጂነር (ጠያቂ)፦
ሰላም ወገኖች። የጅምላ ጭነት መርከብ ላይ ነው የምሠራው። አሁን ሮተርዳም እያራገፍን ነው፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ እንነሳለን። ባለቤቱ «በሚቀጥለው ወደብ» እያለ የአምስት ወር ደመወዝ ይዞብናል። ሐበሾቹ ሦስት ነን፣ የቀረው ፊሊፒናዊ ነው። መርከብ በፍርድ ቤት ይታገዳል ሲሉ ሰማሁ። እውነት ነው? ጥቁር መዝገብ ውስጥ እንዳንገባም ፈርተናል።

የቀድሞ ቺፍ፦
እውነት ነው ወንድሜ። ሮተርዳም ላይ መሆናችሁ ደግሞ ዕድል ነው። እዚያ ጠበቃ ማመልከቻ ያስገባል፣ ዳኛው ባለቤቱን ሳይጠራ አብዛኛውን ጊዜ በዚያው ቀን ይፈቅዳል። የፍርድ አስፈጻሚው ወረቀቱን ለካፒቴኑ ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ መርከቧ ንቅንቅ አትልም።

የቆመች መርከብ በየቀኑ ገንዘብ ትበላለች። ስለዚህ ደህና ባለቤት ቶሎ የባንክ ወይም የፒ ኤንድ አይ ክለብ (የመርከብ ባለቤቶች የጋራ መድን) ዋስትና ያቀርባል። መርከቧ ትሄዳለች፣ ክርክሩ በዋስትናው ላይ ይቀጥላል።

የባሕረኛ ደመወዝ ደግሞ ተራ ዕዳ አይደለም፤ መርከቧን ተከትሎ ይሄዳል። ብትሸጥ እንኳ አዲሱ ባለቤት «እኔን አይመለከተኝም» ማለት አይችልም። በሐራጅ ከተሸጠች የፍርድ ቤቱ ወጪ ይቀነስና እናንተ ከባንኩ መያዣ ትቀድማላችሁ። ግን አትተኙ፤ በብዙ አገር ይህ ቅድሚያ በአንድ ዓመት ይሞታል።

ጠበቃዋ፦
ከቺፍ ጋር እስማማለሁ፤ ቅደም ተከተሉን ግን እቀይረዋለሁ። ፍርድ ቤት ከመሄዳችሁ በፊት መርከቧ ላይ የተለጠፈውን የኢንሹራንስ ሰርተፍኬት ፎቶ አንሱ። እ.ኤ.አ. ከጥር 2017 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የኤምኤልሲ (የባሕረኞችን መብት የሚያስከብረው ዓለም አቀፍ ስምምነት) ማሻሻያ፣ ባለቤቱ ቢያንስ የሁለት ወር ደመወዝ ካልከፈለ ሠራተኛውን እንደተወ ሊቆጠር ይችላል። ኢንሹራንሱ እስከ አራት ወር ደመወዝና የአገር ቤት መመለሻ ይሸፍናል። አምስተኛውን ወር ከመርከቧ ትጠይቃላችሁ።

ዛሬውኑ ለአይ ቲ ኤፍ (ዓለም አቀፉ የትራንስፖርት ሠራተኞች ማኅበራት ፌዴሬሽን) ኢንስፔክተር ደውሉ። ሮተርዳም ውስጥ አላቸው፣ አገልግሎቱም ነፃ ነው። ውል፣ የደመወዝ ሒሳብ፣ የባሕረኛ ደብተር ቅጂ አዘጋጁ። ጥቁር መዝገብን ኤምኤልሲ ይከለክላል። በተግባር ግን የለም ብዬ አልዋሽህም። ለዚህ ነው በጋራ፣ በአንድ ማመልከቻ ጠይቁ የምለው።

ማዕበል፦
አንድ ነገር ልጨምር። ማሳገድ ማለት መከፈል ማለት አይደለም! ኤምቪ አማን የተባለች የጭነት መርከብ እ.ኤ.አ. 2017 ግብፅ ውስጥ አዳቢያ ወደብ ላይ ተያዘች። ፍርድ ቤቱ ዋና መኮንኑን የመርከቧ ሕጋዊ ጠባቂ አደረገው፤ አገሩ የገባው በ2021 ነው። በዚያው ዓመት ስዌዝን የዘጋችው ኤቨር ጊቭንም በግብፅ ፍርድ ቤት ታግዳ ነበር፤ እሷ ግን ስምምነት ተደርሶ በወራት ውስጥ ተለቀቀች። ልዩነቱ ከኋላ የቆመው ገንዘብ ነው። ባለቤቱ ባዶ ከሆነና መርከቧ ያረጀች ከሆነች፣ እስክትሸጥ ድረስ ማን ያበላችኋል? ይህን አስቀድማችሁ ጠይቁ። የጠባቂነት ወረቀት ደግሞ በፍጹም እንዳትፈርሙ።

ነዳጅ አቅራቢ፦
ይቅርታ፣ እኔም ልግባበት። የነዳጅ ዕዳስ እንዲሁ መርከቧን ይከተላል?

ጠበቃዋ፦
እንደ አገሩ ነው። በእንግሊዝ ሕግ አይከተላትም፤ ነዳጁን ያዘዘው ባለቤቱ ሳይሆን መርከቧን የተከራየው ከሆነ ችግር አለ። በአሜሪካ ግን ለአቅራቢ የተሻለ መብት አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 የነዳጅ ሻጩ ኩባንያ ኦደብሊው ባንከር ሲከስር፣ ለአንድ ነዳጅ ሁለት ጠያቂ ተነስቶ ባለቤቶች ግራ ተጋብተዋል። ውልህ ላይ ገዢው ማን እንደሆነ በስም ጻፍ።

ሦስተኛው ኢንጂነር፦
እግዜር ይስጥልኝ። ሰርተፍኬቱን አገኘሁት፣ ጊዜው አላለፈም። አሁን ካፒቴኑ «የሁለት ወር ተቀበሉ፣ ሌላ ጥያቄ የለንም ብላችሁ ፈርሙ» ይለናል። ምን እናድርግ?

የቀድሞ ቺፍ፦
ብሩን ተቀበሉ፣ ያንን ወረቀት ግን አትፈርሙ። ደረሰኝ ከፈለገ «ከቀሪ ደመወዜ በከፊል የተከፈለ» ብላችሁ የቀረውን ወርና መጠን ጻፉበት፣ ቅጂውንም ያዙ። እምቢ ካለ ኢንስፔክተሩ እስኪደርስ ጠብቁ።