ናሙናው ሳይጸድቅ የፈቃዱ ጊዜ ሊያልቅብኝ ነው

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ከሬዚን (ሲደርቅ ከሚጠነክር ፈሳሽ ፕላስቲክ) ትናንሽ ምስሎች የምሠራበት ወርክሾፕ አለኝ። የአንድ የውጭ አኒሜሽን ድርጅትን ገጸ ባህሪያት ለመሥራት የ2 ዓመት ፈቃድ ተዋውያለሁ። ዝቅተኛውን የሮያሊቲ ክፍያ (ከሽያጩ ለገጸ ባህሪያቱ ባለቤት የሚሰጠውን ድርሻ) ቀድሜ ከፍያለሁ፤ ሸጥኩም አልሸጥኩም አይመለስም።

ንድፉ በድርጅቱ ጸድቆ አለፈ። ያልተቀባው ምስልም አለፈ። የተቀባው ናሙና ላይ ግን ተያዝኩ። የካባው ቀይ ከፓንቶን (የቀለም መለያ) ቁጥሩ ጋር አይገጥምም ብለው መለሱት። መርካቶ ያገኘሁትን ቀለም ሁሉ ቀላቅዬ ሌላ ላክኩላቸው፤ ድምፃቸው ጠፋ። ውሉ ደግሞ በ15 የሥራ ቀን መልስ ካልመጣ እንደተከለከለ ይቆጠራል ይላል። ዝም ማለትም እንቢታ ሆነ እኮ! ሳይጸድቅ ማምረት ቀርቶ ማስተዋወቅ እንኳ አልችልም።

እንዲህ ዓይነት ውል ያላችሁ፣ ናሙናው እነሱ ጋ የቆየበት ጊዜ በፈቃዱ ዘመን ላይ እንዲጨመር በውል ማሻሻያው ላይ ምን ብላችሁ አስጻፋችሁ?