ስክሪን ላይ ልክ የሆነ ፎቶ ሲታተም ይጨልማል፤ የትኛውን ሞኒተር ልግዛ?

ጥላና_ብርሃን፦
ሰላም ለሁላችሁ። ፎቶ የማስተካክለው በላፕቶፕ ነው። ላይትሩም (የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም) ላይ ልክ የመሰለኝ ፎቶ ሲታተም ጨለም ብሎ ይመጣል፣ የፊት ቆዳ ደግሞ ወደ ቀይ ያደላል። ስለዚህ ሞኒተር ልገዛ ነው። ሁለት አማራጭ አለኝ፦ አንዱ 24 ኢንች፣ 1920 በ1200፣ መቶ በመቶ ኤስአርጂቢ (ለኢንተርኔት የተለመደው የቀለም ክልል) የሚል፤ ሌላው 27 ኢንች ፎር ኬ፣ 99 በመቶ አዶቤ አርጂቢ (ከኤስአርጂቢ ሰፋ ያለ የቀለም ክልል) የሚል። ሁለቱም አይፒኤስ (ከጎን ሲታይ ቀለሙ ብዙ የማይለዋወጥ የፓኔል ዓይነት) ናቸው። ሥራዬ በአብዛኛው ለኢንተርኔት ነው፣ አልፎ አልፎ ይታተማል። የቱ ይሻለኛል? ካሊብሬተርስ (የስክሪን ቀለም የሚለካው መሣሪያ) የግድ ነው?

ግራጫ_18፦
አታሚውን አትውቀስ፣ ስክሪንህ ከልክ በላይ ያበራል። ብዙ ሞኒተር ከካርቶኑ ሲወጣ ከ250 እስከ 350 ካንዴላ በካሬ ሜትር (የስክሪን ብርሃን መለኪያ) ነው የሚያበራው። ለፎቶ የሚፈለገው 120 አካባቢ ነው፤ ክፍሉ ደብዘዝ ያለና ሥራው ለኅትመት ከሆነ እስከ 80 ይወርዳል። የሚያንጸባርቅ ስክሪን ላይ ስትሠራ ፎቶው በቂ ብርሃን ያለው ስለሚመስልህ ኤክስፖዠሩን ዝቅ አድርገህ ትተወዋለህ። ወረቀት ደግሞ የራሱ ብርሃን የለውም። አዲስ ሞኒተር ገዝተህ ብራይትነሱን ካልነካኸው ያው ጨለማ ነው የሚመጣልህ።

ካሊብሬተር ባይኖርህም ብርሃኑን ካሜራህ ይለካልሃል። ስክሪኑን ሙሉ በሙሉ ነጭ አድርገው። ካሜራውን ማንዋል ላይ፣ አይኤስኦ 100፣ አፐርቸሩን ኤፍ 4 አድርግ። ነጩ ፍሬሙን እስኪሞላው ተጠጋና ፎከሱን አደብዝዝ። የካሜራው መለኪያ ዜሮ ላይ የቆመው ሻተሩ 1/60 ሲሆን ከሆነ ስክሪኑ ወደ 120 ካንዴላ ነው። በ1/125 ከቆመ 250 አካባቢ፣ በ1/40 ከቆመ 80። ጥቂት ፈቀቅ ሊል ይችላል፤ እጥፍ የሆነ ስህተት ግን አያመልጠውም።

ቀለሙን ግን በዚህ መንገድ አታገኘውም። ዓይንህም አይረዳህም፤ ወደ ሰማያዊ ያደላ ነጭ ትንሽ ካየህበት ነጭ ሆኖ ይታይሃል። ስለዚህ ካሊብሬተሩ የግድ ነው፤ በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሚያስፈልግ ለሦስት ለአራት ሆኖ መግዛትም ይቻላል።

ሌንስ_50፦
ምርጫው ላይ እኔ ልግባ። 24ቱን ውሰድ። አዶቤ አርጂቢ ትርፍ የሚሰጥህ በአረንጓዴና በሲያን በኩል ነው፤ የሰው ቆዳ ኤስአርጂቢ ውስጥ ተመችቶት ይቀመጣል። ሰፊ ቀለም ያለው ሞኒተር ላይ ደግሞ ፕሮፋይል (የቀለም መግለጫ ፋይል) የማያነብ ፕሮግራም ስትከፍት ሁሉም ነገር ይጋጋላል፤ ቀይ ሹራብ የመንገድ መብራት ይመስላል። የኤስአርጂቢ ሞድ አለው ይሉሃል። አለው፤ ግን አንዳንዱ ሞኒተር እዚያ ሞድ ውስጥ ብራይትነሱን ይቆልፈዋል፣ እሱን ሳታይ እንዳትገዛ።

የቆዳው መቅላት ከላፕቶፑ ፓኔል ሊሆን ይችላል። ስፔኩን ፈልግና እይ። 72 በመቶ ኤንቲኤስሲ (የቆየ የቴሌቪዥን የቀለም ክልል) የሚል ፓኔል በስፋት ከኤስአርጂቢ ጋር ይስተካከላል፤ 45 በመቶ የሚለው ግን ከኤስአርጂቢ ከሲሶ በላይ ይጎድለዋል። እንዲህ ያለው ስክሪን ቀዩን አደብዝዞ ነው የሚያሳይህ። አንተ ፊቱ ገረጣ ብለህ ሳቹሬሽን ትጨምራለህ፣ ፋይሉ ውስጥ ቀዩ መጀመሪያም ነበር፣ ኅትመቱ ላይ ሁለቱም ተደምረው ይወጣሉ።

ስለ ፎር ኬው አንድ ነገር፦ 27 ኢንች ላይ በኢንች 163 ፒክስል ነው፣ የ24ቱ 94 ገደማ። ጽሑፍ ያምርበታል። ኖይዝና ከሻርፕኒንግ የሚመጣ ነጭ ጠርዝ ግን በ100 በመቶ ዙም አይታይህም፣ 200 ማድረግ ይኖርብሃል። ቲኤን ፓኔል በነፃም ቢሆን አትውሰድ፤ ራስህን ከፍ ዝቅ ስታደርግ ጥላው ይለዋወጣል።

ግራጫ_18፦
ሌንስ፣ ኅትመትም ብሏል እኮ። ጥሩ ኢንክጄት ከኤስአርጂቢ ውጪ የሆነ ሲያንና አረንጓዴ ያትማል፤ የመልክዓ ምድር ፎቶ ከሆነ ልዩነቱ ይታያል። መጀመሪያ አታሚውን ይጠይቅ። “ኤስአርጂቢ ብቻ ላክልን” ካሉት ክርክሩ አለቀ፣ 24ቱ ይበቃዋል።

ነጭ_ነጥብ፦
የቱንም ግዛ፣ ካሊብሬሽኑን ስትሠራ ቅደም ተከተሉን ጠብቅ። ሞኒተሩን 30 ደቂቃ አብርተህ አቆየው። ሜኑው ውስጥ ዳይናሚክ ኮንትራስትና አውቶ ብራይትነስ የሚሉትን አጥፋ፣ የቀለም ሞዱን ዩዘር ወይም ከስተም አድርግ። ዊንዶውስ ላይ ናይት ላይትና ኤችዲአር፣ ማክ ላይ ትሩ ቶንና ናይት ሺፍት ይጥፉ። በኤችዲኤምአይ ካገናኘህና ጥቁሩ ግራጫ ከመሰለህ፣ ቪዲዮ ካርዱ በሊሚትድ ማለትም ከ16 እስከ 235 እየላከ ይሆናል፤ ፉል፣ ከ0 እስከ 255 አድርገው። ይሄ ሳይስተካከል ብትለካ ልፋትህ ከንቱ ነው።

ዒላማህ የነጩ ቀለም 6500 ኬልቪን፣ ጋማ (ብርሃኑ ከጥቁር ወደ ነጭ የሚጨምርበት አካሄድ) 2.2፣ ብርሃኑ 120 ካንዴላ ይሁን። ስክሪኑን ትንሽ ወደ ኋላ አጋድመውና መሣሪያው በራሱ ክብደት ይረፍበት። ክፍተት ካለ የክፍሉ ብርሃን ሾልኮ ይገባና የጥቁሩን ልኬት ያበላሻል። ብራይትነሱንና የቀይ፣ የአረንጓዴ፣ የሰማያዊ ጌይኑን (መጠኑን) በሞኒተሩ ሜኑ ወደ ዒላማው አቅርበህ የቀረችውን ትንሽ ነገር ብቻ ለሶፍትዌሩ ተውለት። ሁሉንም ለሶፍትዌሩ ከጣልክበት ለእያንዳንዱ ቀለም ካሉት 256 ደረጃዎች ብዙ ይበላል፣ ሰማይ ላይ መስመር መስመር ይወጣል።

ከልኬቱ የሚወጣውን ፕሮፋይል ቨርዥን 2 አድርገህ አስቀምጥ፤ ቨርዥን 4 የሚያስቸግራቸው ፕሮግራሞች አሉ። ፎቶሾፕ ላይ ደግሞ የሞኒተሩን ፕሮፋይል ዎርኪንግ ስፔስ (ፎቶው የሚስተካከልበት የቀለም ክልል) እንዳታደርገው። እሱ ቦታ ኤስአርጂቢ ወይም አዶቤ አርጂቢ ነው የሚገባው፤ የሞኒተሩን ፎቶሾፕ ራሱ ከሲስተሙ ያነበዋል።

ጥላና_ብርሃን፦
የላፕቶፑን በካሜራ ለካሁት፣ 1/160 ላይ ነው ዜሮ የሚመጣው! አታሚውም ኤስአርጂቢ ብቻ ስላለ 24ቱን ወሰድኩ። ካሊብሬተር ተውሼ በዲስፕሌይካል (የካሊብሬሽን ሶፍትዌር) ሠራሁት፤ ግን ነጩ ወደ አረንጓዴ አደላብኝ። ምን ይሆን?

ግራጫ_18፦
1/160 ማለት 320 ካንዴላ ነው፤ ጨለመብኝ ያልከው ከዚያ ነው።

ነጭ_ነጥብ፦
አረንጓዴው፦ ዲስፕሌይካል ላይ ኮሬክሽን የሚለውን እየው። ባዶ ወይም የሌላ ዓይነት ፓኔል ሆኖ ይሆናል። የካሊብሬተሩ ማጣሪያዎች የሰውን ዓይን በትክክል ስለማይመስሉ ሶፍትዌሩ የስክሪኑን የብርሃን ምንጭ ማወቅ አለበት። ያንተ ተራ ኤስአርጂቢ ስለሆነ ዋይት ኤልኢዲ የሚለው ሊሆንለት ይገባል፣ ሰፊ ቀለም ላላቸው ሌላ ነው። ቀይረህ ካሊብሬሽኑን ከመጀመሪያው ድገመው። በመጨረሻ ቬሪፊኬሽን (የማረጋገጫ ልኬት) አሠራው፤ አማካዩ ዴልታ ኢ (የቀለም ስህተት መለኪያ) ከ2 በታች ከሆነ ጥሩ ነው። ስታየውም የላፕቶፑን ስክሪን ዝጋው፤ አጠገቡ ሰማያዊ ነጭ ካለ ትክክለኛው ነጭ ቢጫ ይመስልሃል።

ጥላና_ብርሃን፦
ኮሬክሽኑ ባዶ ነበር። ዋይት ኤልኢዲ አድርጌ ደገምኩት፣ አማካዩ 0.8፣ ትልቁ 2.1 ሰማያዊ ላይ። አረንጓዴው ጠፍቷል። ካሜራውም አሁን 1/60 ይላል።

ነጭ_ነጥብ፦
እሰይ። አሁን የአታሚውን የወረቀት ፕሮፋይል ተቀበልና ላይትሩም ላይ ሶፍት ፕሩፍ (ኅትመቱ ምን እንደሚመስል በስክሪን የሚያሳይ) አብራ፤ ወረቀቱ የማያትማቸውን ቀለሞች ብቻ የሚያስጠጋውን ሬላቲቭን ምረጥ። ከዚያ አንድ ፎቶ በትንሽ መጠን አሳትመህ ከስክሪኑ ጎን አስተያየው። አሁንም ከጨለመ ፋይሉን ሳትነካ ስክሪኑን ወደ 100 አውርድና ካሊብሬሽኑን ድገመው።